የእናቴ ኩታና የቢሮዬ ሽቶ



ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ስለ ሽቶ፣ ስለ ገላ አያያዝና ስለ አለባበስ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ፣ «ይህ ሰው የሚናገረው ቁም ነገር አጣን?» ብሎ ይታዘበኝ ይሆናል። ትዝብቱን እቀበላለሁ። ዳሩ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ፣ ማለዳ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት በመስተዋት ፊት ቆሞ ኮሌታውን እያቃና «ዛሬስ እንዴት ያዩኝ ይሆን?» ብሎ በልቡ ያልጠየቀ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በሬዲዮ እጃችሁን ማየት ስለማልችል፣ ሁላችሁም ጠይቃችኋል ብዬ ልቀጥል።

በ1986 ዓ.ም. ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ በመቀጠሬ ነበር። ለጉዞው በተነሣሁበት ዋዜማ ማታ እናቴ ከምድጃው ፍም አውጥታ በሸክላ ማጨሻ ላይ አደረገች፤ እጣንና ብርጉድ ነሰነሰችበት፤ በማጨሻው ላይ ቅርጫት ደፋችና አዲሱን ኩታዬን፣ ሁለት ሸሚዞቼንና ጋቢዬን በቅርጫቱ ላይ እያገላበጠች አጠነቻቸው። እኔ በአጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ በቃ» ብላት፣ «ዝም በል፤ ሰው አገር የምትገባው ባዶ እጅህን ነው፤ ሽታህ እንኳ ይግባልህ» አለችኝ። ከዚያም ልብሱን አጣጥፋ በቆርቆሮ ሣጥን ከተተችና ክዳኑን ገጠመችው።

ሣጥኑን የከፈትኩት አዲስ አበባ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። የእናቴ ቤት ከነምድጃው ከሣጥኑ ወጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በማግሥቱ ከሸሚዞቹ አንዱን ለብሼ በቢሮው በር ስገባ፣ ከባልደረቦቼ አንዱ አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ «ዛሬ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እኛ ዘንድ መጣች?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ በኋላም ወዳጄ ሆኗል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የእናቴን ቤት በአደባባይ እንዳራቆቱብኝ ቈጠርኩት። ማታ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ኩታውን ሳይቀር ያለኝን ልብስ ሁሉ በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ሳምንቱ ሳያልቅ ደግሞ ገንዘብ ተበድሬ ከመርካቶ አንድ ጠርሙስ ሽቶና አንድ ሰልባጅ ሙሉ ልብስ ገዛሁ። የሙሉ ልብሱ የቀድሞ ባለቤት በትከሻው ከእኔ እጅግ የሚበልጥ ሰው እንደ ነበረ የተረዳሁት ቈይቼ ነው።

የቢሮአችን ክፍል ጠባብ ነበረች። አራት ጠረጴዛ፣ ሁለት የፋይል ቁም ሣጥንና አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቱም ነፋሱ ወረቀት ይበትናል እየተባለ አይከፈትም። እኔ በየማለዳው ሽቶዬን ከአንገቴ እስከ ኪሴ አርከፍክፌ እገባለሁ። በጥግ በኩል ዕድሜአቸው ከእናቴ ዕድሜ የሚስተካከል አንዲት የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ይቀመጡ ነበር፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እኔ እንደ ገባሁ ያስላሉ፤ ጥቂት ቈይተው ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ፤ ቶሎም አይመለሱም። ሥራቸውን የጠሉ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ደብዳቤዬ ሳይተየብ ቢያድር ለአለቃችን ሄጄ «ከቦታቸው አይገኙም» ብዬ ተናገርኩባቸው። አለቃችንም በእኛ ፊት ገሠጿቸው። እሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም። የዚያን ቀን እፍረት እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቅር እንዳይልህ። እኔ አስም አለብኝ። አንተ ስትገባ ደረቴ ይዘጋል። ወጣት ነህና ሽቶህን ተው አልልህም፤ ግን ቀንስልኝ።» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ለምን ለአለቃችን እንዳልነገሩ ብጠይቃቸው፣ «እንግዳ ነህ፤ ሰው ፊት ላዋርድህ?» አሉኝ። ይቅርታ ስለምናቸውም ፈገግ ብለው፣ «ለመሆኑ መጀመሪያ ቀን ይዘኸው የመጣኸው ሽታ ምን ሆነ? አጥበህ ጣልከው እንዴ? እሱ እኮ የሰው ቤት ሽታ ነበር» አሉኝ። በእርግጥ እጣንም ቢሆን በዝግ ክፍል ውስጥ ቢጤስ አስም ላለበት ሰው አይበጅም። እሳቸው ያሉት ግን በጨርቅ ላይ የሚቀረውን ጥቂት መዓዛ ነው።

አሁን የነገሩን ምክንያት ላስረዳ። ሽቶ የሚያበዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ከትዕቢት የተነሣ አይደለም። አፍንጫችን አንድን ሽታ ያለ ማቋረጥ ሲቀበል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያን ሽታ ማስታወቅ ይተዋል። ቡና ወደሚቈላበት ቤት የሚገባ እንግዳ «እንዴት ያውዳል!» ሲል፣ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው የዋለው የቤቱ ሰው ግን እምብዛም አይሰማውም። ሽቶ የተቀባ ሰውም እንዲሁ ነው። ማለዳ ይቀባል፤ ቢሮ ሲደርስ የራሱ አፍንጫ ስለ ለመደው «ጠፋ» ይላል፤ ከኪሱ አውጥቶ ይደግማል፤ በምሳ ሰዓት ይሠልሳል። ለእሱ የጠፋው ሽታ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ሦስት እጥፍ ሆኗል። እንግዲህ የሽቶአችንን መጠን በራሳችን አፍንጫ መለካት አንችልም ማለት ነው። እኔ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው፤ ከቤት ከመውጣቴ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ከአንገቴ ሥር አንድ ጊዜ፣ ከእጄ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ እቀባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን ቤት ትቼው እሄዳለሁ።

ሽቶ ማለት መዓዛ ያላቸው ዘይቶች በአልኮል የተበጠበጡበት ነገር ነው። አልኮሉ በገላችን ሙቀት ቶሎ ይተንናል። ከዘይቶቹም መካከል ቀላሎቹ፣ እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት፣ ቀድመው ይበርራሉ፤ የአበባዎቹ መዓዛ ይከተላል፤ የእንጨቱ፣ የሙጫውና የቅመሙ ሽታ ግን ለብዙ ሰዓት ይቈያል። ስለዚህ በሱቅ ደጃፍ አሽትቶ ወዲያው የሚገዛ ሰው የገዛው የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። እጁ ላይ አስነክቶ እስከ ማታ ቢታገሥ ይሻለዋል። ኮሎኝ የምንለው ቀላል ሽቶም ስሙን ያገኘው ከጀርመን አገር ከተማ ነው፤ ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና የሚባል ኢጣሊያዊ በዚያ ከተማ ይነግድበት ነበር። ኮሎኝ ከመቶው 5 እጅ እንኳ ዘይት አይሞላውምና ቶሎ ቢጠፋ ነጋዴው አታለለኝ አትበሉ፤ ጠባዩ ነው።

«ሽቶ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የፓሪስ ቀማሚዎች ለብዙ ዘመን ሽቶአቸው በገላ ላይ ጸንቶ እንዲቈይ ያደርጉበት የነበረው ዝባድ በብዛት የሚሄድላቸው ከኢትዮጵያ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ እንደ ቅባት ያለ ነገር ነው። ከከፋ፣ ከእናርያና ከሊሙ በበሬ ቀንድ ታጭቆ በሲራራ ነጋዴ ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ይወርድ ነበር። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እጅግ ሲቀጥን ግን ሌላውን መዓዛ ያሞቀዋል፣ ያጸናዋልም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የሚባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1926 የዝባድ ሽታ ምንጭ 17 የካርቦን አቶሞች እንደ ቀለበት ተያይዘው የሠሩት ንጥረ ነገር መሆኑን ገልጧል፤ በ1939 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱም ይህን የመሰሉት ታላላቅ ቀለበቶች ጥናት ነው። ከዚያ ወዲህ ሽታው በፋብሪካ መሠራት ስለ ተቻለ ብዙዎቹ ቀማሚዎች የእንስሳውን ዝባድ ትተዋል። ጥርኙ በጠባብ ቀፎ ታስሮ በየጥቂት ቀኑ ዝባዱ እየተፋቀ የሚኖረውን ኑሮ ለሚያስብ ሰው ይህ የሚያሳዝን ወሬ አይደለም።

የእጣኑ ነገር ግን ያሳስበኛል። እናቴ የነሰነሰችው እጣን የሚገኘው በትግራይ፣ በመተማ በኩልና በቤኒሻንጉል ቆላ ከሚበቅለው ዛፍ ነው። በበጋ ወራት ቅርፊቱን በመጠኑ ይፍቁታል፤ ዛፉም ቍስሉን የሚሸፍንበትን ሙጫ ያፈልቃል፤ ሲደርቅ ይለቀማል። በብዙ ቦታ ታላላቆቹ ዛፎች እያረጁ ሲሄዱ የሚተካቸው ለጋ ችግኝ አይታይም፤ ቃጠሎና ከብት ያጠፉታል፣ ያለ ልክ የሚፋቀው ዛፍም የሚያፈራው ዘር ደካማ ይሆናል። ይህን የምነግራችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ የደን ፋይል የሚያልፍባችሁ ሰዎች ከአድማጮቼ መካከል እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው።

ወደ ገላችን ልመለስ። ላብ ከቆዳ እንደ ወጣ ያን ያህል ሽታ የለውም፤ ሽታውን የሚያመጡት በቆዳችን ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ባልታጠበ ገላ ላይ ሽቶ መጨመር የላቡን ሽታ አያጠፋም፤ ሁለቱ ይጋባሉ፤ የሚወለደውም ከሁለቱ የከፋ ነው። ከጥጥ ሸሚዝ ይልቅ የፖሊስተር ሸሚዝ የላብ ሽታ ይዞ ይቈያል። ፊትን በልብስ ሳሙና መታጠብም ለብዙዎቻችን የቆየ ልማድ ነው፤ ቆዳችን በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት ሲኖረው ሳሙናው ተቃራኒው ስለ ሆነ ወዙን አንሥቶ ያደርቀዋል። ከታጠባችሁ በኋላ ገላችሁ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ሌላ ተራ ቅባት ብትቀቡ ውሃውን ይይዝላችኋል፤ ብዙ ዋጋ የወጣበት ቅባት የግድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ የፀሐይዋ አቃጣይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ቀዝቃዛ ነፋስ ስላለ ፀሐይዋ የማትጎዳን ይመስለናል እንጂ ትጎዳለች። ጥላና ባርኔጣ የሽማግሌ ዕቃ ብቻ አይደሉም።

ለወንዶች አንዲት ቃል ልጨምር። ጠጕራችን የተጠቀለለ ስለ ሆነ ጢማችንን አጥብቀን ስንላጭ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳችን ይገባና ያቈስለናል። እኔ ለብዙ ዓመት አንገቴ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ በኮሎኝ አቃጥለው ነበር፤ ያሳብደኛል እንጂ አያድነኝም። ጢሙን በሞቀ ውሃ አለስልሶ፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ መላጨት፣ ባይሆንም በመቀስ ወይም በማሽን ማሳጠር ይበቃል። አለቃ የሚመዝነን በጉንጫችን ልስላሴ አይደለም፤ ቢመዝነንም ያልፋል።

ይህን በቀልድ ላልፈው እችላለሁ፤ የሚቀጥለውን ግን አልችልም። የአክስቴ ልጅ ጠይም ናት። ጠይምነት በአገራችን ስንት የተወደሰ መልክ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በአንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትቀጠር አንዲት ባልደረባዋ፣ «ቀላ ብትዪ እንዴት ባማረብሽ» አለቻት። የአክስቴ ልጅ በትንሽ ዕቃ የሚሸጥ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቅባት ገዛች። በመጀመሪያው ወር ፊቷ በራ፤ ሰው ሁሉ አደነቃት። ከወራት በኋላ ጕንጮቿ ቀሉ፤ ቆዳዋ ሳስቶ የደም ሥሯ እስኪታይ ደረሰ። ቅባቱን ስታቆም ፊቷ አበጠ፤ ስትቀባ ይሻላታል፤ ስታቆም ይብሳል። ሐኪም ቤት ስትሄድ በቅባቱ ውስጥ ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ሳይሆን እንደማይቀር ነገሯት። የታናሽ እኅቷ ሠርግ በዚያ መካከል ዋለ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ከማለዳ እስከ ማታ ነጠላዋን ከዐይኗ በታች አልገለጠችም፤ ምግብ ሲቀርብም «ጠግቤአለሁ» ትል ነበር። ፊቷ የተመለሰው ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ ነው።

የእንዲህ ያሉት ቅባቶች ጉዳት በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በአንዳንዶቹ ባዜቃ የምንለው ሜርኩሪ አለ፤ እሱ ኵላሊትን ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የሚባለውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ ሲቀባ፣ ሊያነጣ የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያለብሰዋል። በጃፓኗ ከተማ በሚናማታ ስም የሚጠራው፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2013 ተፈርሞ በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን ማንጫ ቅባቶች ይከለክላል። ክልከላው ግን በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን ብልቃጥ ሁሉ አይደርስበትም። ስሙና የያዘው ነገር ያልተጻፈበትን ቅባት ፊታችሁ አታድርሱት። ከዚህም ይልቅ ለባልደረባችሁ «ቀላ ብትዪ» አትበሏት። ያቺ የአክስቴ ልጅ ባልደረባ ክፉ አሳብ እንዳልነበራት አምናለሁ፤ ቃሏ የሠራውን ግን በዐይኔ አይቻለሁ።

ስለ ልብስ የምለው ያንሳል። የዚያ ሰልባጅ ሙሉ ልብስ ነገር ካልተረሳችሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ። ስራመድ ትከሻው ከእኔ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ኋላ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወገቡን አጥብቦ፣ እጅጌውን አሳጥሮ ሲሰጠኝ፣ «ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፤ ትከሻ ግን የሌላ ሰው ከሆነ የሌላ ሰው ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮት ስገዛ፣ አዲስም ይሁን ሰልባጅ፣ አስቀድሜ የማየው የትከሻው ስፌት ከትከሻዬ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፉን ነው። ሰልባጅ መልበስ አያሳፍርም፤ ያሳፈረኝ የሌላ ሰው መምሰሌ ነበር። ሁለት ሸሚዝ እየታጠበ እየተተኰሰ ቢለበስና ጫማ ሊስትሮ ዘንድ ቢደርስ ለደመወዝተኛ ይበቃል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ከአንድ ነጠላ ስንት ንግግር ያወጡ ነበር። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ የለበሰ ሐዘን እንዳለበት ሳይናገር ይታወቃል፤ በታላቅ ሰው ፊት ያደገደገም አክብሮቱን በወገቡ ያስረዳል፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ደግሞ መስቀለኛ ያጣፉታል። ጨርቁ ያው አንድ ነው። በራሳቸው እርግጠኛ ሆነው የሚቆሙት የልብሱን ዋጋ አስበው ሳይሆን ለቦታው እንዴት እንደሚለበስ ስለሚያውቁ ይመስለኛል። እኛ ከረባት ስናስር ይህ ዕውቀት ገና ሙሉ በሙሉ አልተከተለንም፤ ሐዘን ቤት በቀይ ከረባት የሚገባ ባልደረባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እናቴ በ2001 ዓ.ም. ዐረፈች። ሣጥኗን ስንከፍት ነጠላዎቿ ተጣጥፈው ተገኙ፤ ሽታቸውም ከ1986 ዓ.ም. ሽታ ምንም አልተለየም። ሐኪሞች እንደሚነግሩን ዐይንና ጆሮ የሚያመጡት ወሬ በአንጎል ውስጥ በአንድ መተላለፊያ አልፎ ሲደርስ፣ የሽታ ወሬ ግን ስሜትና ትዝታ ወደሚኖሩበት ክፍል በአቋራጭ ይገባል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት ነው በሣጥኑ ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩት። ያጠብኩት ኩታ ግን እስከ ዛሬ የሳሙና ሽታ እንጂ ሌላ የለውም።

ባለፈው ወር ልጄ ሥራ ተቀጠረች። ለመጀመሪያው ቀን የአያቷን ነጠላ በቀሚሷ ላይ ለመደረብ ፈለገች፤ ባለቤቴም ማታ ማጨሻውን አወጣች። ልጄ ፍሙን እያየች ወደ እኔ ዞራ፣ «አባዬ፣ ቢሮ ውስጥ ሰው አይስቅብኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሊስቁ እንደሚችሉ ነገርኳት፤ የእትዬንም ነገር ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ትንሽ ብቻ፤ ቢሮው ውስጥ አስም ያለበት ሰው እንዳለ መጀመሪያ እጠይቃለሁ» አለች። ባለቤቴ ከምትነሰንሰው እጣን ግማሹን ወደ ሙዳዩ መለሰችው።